«በሙያችሁ ኩሩ» ላላችሁን፦ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ የሽመና ሼዳችንን ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት፣
ለተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፤

ጤና ይስጥልን።

እኛ በሽሮ ሜዳ አካባቢ በአንድ ሼድ ውስጥ የምንሠራ ሸማኔዎች ነን። ብዕሩን የያዝኩት እኔ ብሆንም ነገሩ የሁላችንም ነው። ሁለት እሑድ ከሰዓት ተቀምጠን ተነጋግረንበታል። መጀመሪያ ላይ «ደብዳቤ ምን ይፈይዳል? የክር ዋጋ አይቀንስ» ያሉ ነበሩ። በኋላ ግን «ጻፍ፣ የኔንም ጨምር» እያሉ እያንዳንዳቸው የገጠማቸውን ነገሩኝ።

መነሻችን በሩ ላይ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ ነው። ወርኃዊ ገቢያቸው ካስቀመጣችሁት መጠን በታች የሆነ አምራቾች በሦስት ወር ውስጥ ቦታቸውን እንዲለቁ ይላል። ቦታው ለአዋጭ ዘርፍ ይሰጣል ይላል። ደነገጥን። ሰው መርጠን ወደ ቢሮ ላክን፤ እናንተም ስብሰባ ጠራችሁን። እዚያ መልስ የሰጡን ኃላፊ ያሉትን ቃል በቃል ይዘነዋል። «እናንተ እኮ የሀገር ኩራት ናችሁ። ሁሉን ነገር በገንዘብ አትለኩት። በሙያችሁ ኩሩ» አሉን።

ያልገባን እዚህ ላይ ነው። ማስታወቂያው የለካን በገንዘብ ነው። ስብሰባው ደግሞ በገንዘብ አትለኩ አለን። እኛ ስንጠይቅ መልሱ ኩራት ሆነ፣ እናንተ ስትወስኑ ግን መለኪያው ገንዘብ ሆነ። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰማን።

ስለ ኩራት ከሆነ የምንነግራችሁ አለን። አባቴ ከጨንቻ ወደ አዲስ አበባ የመጣው ወጣት ሳለ ነው። የጋሞ ደጋ ሰው ነው። ሽመናን ከአባቱ ተምሮ ነው የመጣው። እዚህ ሲደርስ የተቀበለው ስድብ ነበር። «ቁጢት በጣሽ» ይሉት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚሸምነውን ቁጢት በጣሽ እያሉ መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ 60 ዓመት ካለፈ በኋላም አባቴ ያንኑ ስድብ በገበያ ላይ ሰምቷል። እኔም በልጅነቴ ሰምቻለሁ።

አባቴ ለስድብ መልስ አይሰጥም ነበር። የሸመነውን ጋቢ ጫፉን ይይዝና ወደ ብርሃን ያነሳዋል። ሳሳ ያለ ቦታ እንዳለው ያያል። ከሌለው ዝም ብሎ አጥፎ ያስቀምጠዋል። ጋቢውን ሊሸጥለት የሚወስደው ነጋዴ እንዲህ አድርጎ አያይም። ገዢውም አያይም። አባቴ ግን ያያል። ማንም ኩራ ሳይለው ነው እንዲህ የሠራው። እንዲያውም እፈር እየተባለ ነው።

እኔም ከሱ የወረስኩት ነገር አለ። አንድ ጊዜ ለሠርግ ነጠላ እየሠራሁ ነበር። ነጠላ ሁለት ክፋይ ጎን ለጎን ተገጥሞ ነው የሚሰፋው። ስለዚህ የአንዱ ጥለት ከሌላው ጥለት ጋር መግጠም አለበት። ጥለት የሚወጣው ደግሞ ክር በመቁጠር ነው። ድሩን በጣት እየለያችሁ ስንቱ ይነሳ፣ ስንቱ ይቅር ትላላችሁ። ሁለተኛውን ክፋይ ልጨርስ ስል ቆጠራው ላይ አንድ ቦታ መሳቴን አየሁ። የሁለት ክር ስህተት ናት። ሲሰፋ ጥለቱ በጥቂቱ ተዛንፎ ይገናኛል። ሙሽራዋ ልብ አትለውም፤ ሠርገኛውም አይለውም። ፈታሁት። አንድ ቀን ተኩል ሙሉ ፈታሁና እንደገና ጣልኩት። የተከፈለኝ ያው መጀመሪያ የተስማማነው ነው።

ሼዱ ውስጥ እንዲህ ያላደረገ ሸማኔ የለም። ስለዚህ «ኩሩ» ስትሉን አዲስ ነገር አልነገራችሁንም። የጠየቅናችሁ ሌላ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታችን።

መጀመሪያ የገቢው ነገር። ገቢያችንን የመዘገባችሁት በሐምሌ ነው። የሸማኔ ገቢ በወር አይለካም። እኛ ገበያችን በዓልና ሠርግ ነው። እንቁጣጣሽና መስቀል ላይ እንሸጣለን። ከገና እስከ ጥምቀት እጃችን አያርፍም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ያለ ነገር አይደለም፤ ግማሽ ዓመት የሚያበላን እሱ ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የሠርግ ወራት አለ። በሐምሌ ግን ዝናቡ ነው፣ ሠርግ የለም፣ ሰው ገንዘቡን ለልጆች ትምህርት ቤት ይይዛል። በሐምሌ ተመዝግቦ ያለፈ ሸማኔ ካለ እኔ አላውቅም። ገበሬን በሰኔ መጥታችሁ «ጎተራህ ባዶ ነው» ብትሉት ምን ይላችኋል?

ሁለተኛው ክር ነው። ዛሬ ለቀሚስ የሚፈለገው የሚያብረቀርቀው የሳባ ክር ከውጭ የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው እየጨመረ ነው። የተዘጋጀ ቀሚስ ዋጋ ግን እንደ ክሩ አልጨመረም። ብዙዎቻችን ክር በጥሬ ገንዘብ መግዛት ስለማንችል ከነጋዴ በዱቤ እንወስዳለን። በዱቤ የወሰድከውን ክር የሸመንከውን ደግሞ ለዚያው ሰው ትሸጣለህ፤ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው። ነጋዴውን ክፉ ነው ለማለት አይደለም፤ እሱም ኪራይ አለበት። ግን ወር ላይ ስታሰሉት እጃችን ላይ የሚቀረው የቀን ሠራተኛ ከሚያገኘው ያነሰበት ጊዜ ብዙ ነው። ጥለቱ ረቀቅ ያለ ቀሚስ ከነነጠላው ሁለትና ሦስት ሳምንት የሽመና ዕቃው ጉድጓድ ዳር ያስቀምጣል። እግር መርገጫው ላይ፣ ወገብ ጎብጦ፣ ዓይን ክር ላይ።

ሦስተኛውን ስጽፍ ደሜ ይፈላል። ስለ ኅዳር 29 ነው።

የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር ለሠራተኞቻችሁ የባህል ልብስ አሰፍታችሁ ነበር። የኛ ሼድ ከቢሯችሁ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ልብሱ ግን በማሽን የታተመ ነበር። ጥለቱ የተሸመነ አይደለም፣ እንደ ወረቀት ላይ ሥዕል የተቀባ ነው። ለማያውቅ ሰው ልናገር፤ መለየቱ ቀላል ነው። የእጅ ጥለት በጣት ሲዳሰስ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ስትገለብጡትም ክሩ በጀርባው ይታያል። የታተመው ልሙጥ ነው፤ ጀርባው የደበዘዘ ነው።

ግዢ ክፍል ሄደን ጠየቅን። በትሕትና ነው የጠየቅነው። የተሰጠን መልስ «ፕሮፎርማ ሰብስበናል፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸንፏል» የሚል ነው። ወረቀቱን አየነው። «ባህላዊ ልብስ» ይላል። «በእጅ የተሸመነ» አይልም። በቃ፣ ነገሩ ይኼ ነው። ሁለት ቃል ብትጨምሩ ኖሮ የሼዱ ሰው ሁሉ የወር ሥራ ያገኝ ነበር። ሳትጨምሩ ቀራችሁ፤ ከዚያ ደግሞ ገቢያችሁ ዝቅተኛ ነው ብላችሁ ማስታወቂያ ለጠፋችሁ።

በዚያው ቀን ሁለት ሸማኔዎች ከኛ መካከል ተመርጠው ድንኳን ውስጥ ሲሸምኑ እንዲታዩ ተደረገ። የሽመና ዕቃ ነቅሎ ወስዶ እንደገና መትከል ቀላል አይደለም። በሥራ ላይ የነበረ ድር ተጠቅልሎ ይነሳል፣ ክር ይበጠሳል፣ ሲመለስ ይቀጠላል። ለአንድ ቀን በዓል ሦስት ቀን ሥራ ፈቱ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ተቀምጠው ሸመኑ። እንግዶች አብረዋቸው ፎቶ ተነሱ። ፎቶ የተነሱት ሰዎች የለበሱት የታተመውን ልብስ ነው። ማታ ለሁለቱ ሰዎች ምሳቸውና አንድ የምስክር ወረቀት ነበር ድርሻቸው። የድንኳኑ ባለቤት ተከፍሎታል። የድምፅ ማጉያው ባለቤት ተከፍሎታል። ዘፋኞቹ ተከፍሏቸዋል፤ ይገባቸዋልም። ሸማኔዎቹ ሲጠይቁ «ይኼ እኮ ለክብራችሁ ነው» ተባሉ።

ከሁለቱ አንዱ 60 ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ናቸው። ምስክር ወረቀቱን ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ወደውት ነው የሰቀሉት፣ አልዋሽም። ሰው ሲመጣ ያሳያሉ። ግን በዚያው ሳምንት ክር ለመግዛት ከኔ ብር ተበድረዋል። ወረቀቱም እውነት ነው፣ ብድሩም እውነት ነው። እኛ የምንለው አንዱ ሌላውን አይተካም ነው። ኩራት ሰው ለራሱ ሥራ ለራሱ የሚሰጠው ነገር ነው። ክፍያ ሥራውን ከተጠቀመበት ሰው የሚመጣ ነው። እናንተ የኛን ኩራት ቆጥራችሁ ከምትከፍሉት ላይ ልትቀንሱት አትችሉም።

ሥልጠናውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ብላችሁ አምስት ቀን የጠራችሁን ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት ነው። በዓመቱ ውስጥ አንዲት ሰዓት የምትቆጨን ያኔ ነው። የሼዱ ጣሪያም ያፈሳል። ነጭ ድር ላይ የዛገ ቆርቆሮ ውኃ ጠብ ሲል ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ሦስት ጊዜ አመልክተናል።

ቤታችንን ደግሞ ተመልከቱልን። የእህቴ ልጅ እጁ ከኔ የተሻለ ነው። ጥለት ከወረቀት አይቶ አያውቅም፤ በጭንቅላቱ ይዞ ነው የሚቆጥረው። ዱንጉዛ የሚባለውን የጋሞ ባህላዊ ጨርቅ ሲሠራ ቀዩን፣ ቢጫውንና ጥቁሩን የሚያስተካክልበት መንገድ አባቴን ያስታውሰኛል። አምና ተወው። አሁን በሞተር ዕቃ ያደርሳል። ላስቀረው ሞከርኩ። ስለ አባቴ ነገርኩት፣ ስለ ሙያው ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ጋሼ፣ የቤት አከራዬ ኩራት አትቀበልም» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

ሌላ ጓደኛችን ደግሞ የታተመውን ጨርቅ መሸጥ ጀመረ። ሱቁ ከኛ ብዙም አይርቅም። ደህና ያገኛል። አልፈረድንበትም፤ ሦስት ልጆች አሉት። ግን ማታ ማታ ይመጣና የኔን ዕቃ ለምኖ ይቀመጣል። ለእናቱ ጋቢ እየሠራ ነው። «ብሩ ጥሩ ነው፣ እጄ ግን ሥራ ፈታ» ይለኛል። አንዳንዴ አንድ ሰዓት ያህል ምንም ሳያወራ ይሸምንና ሄዶ ይተኛል።

የእህቴን ልጅና ይህን ጓደኛችንን አይቼ ነው ከኩራትና ከገንዘብ የቱ ይበልጣል የሚለውን ጥያቄ የማስበው። እኔን በግሌ ብትጠይቁኝ፣ ያቺን ነጠላ ስፈታ የመለስኩት መልስ ነው ያለኝ። ኩራቱ ይበልጥብኛል። ግን ይኼ መልስ የኔ ነው። ስለ ራሴ ነው የምመልሰው። ለእህቴ ልጅ ልመልስለት አልችልም። ከፋይ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ለኔ ሊመልስልኝ አይችልም።

ራሳችንንም የምንወቅስበት አለ። ለዓመታት ከጋሞ ገጠር ትንንሽ ልጆች እየመጡ ለሸማኔ ድወራ ሲሠሩ ኖረዋል። ትምህርት ሳይገቡ፣ ሌሊት ድረስ ቀሰም ላይ ማግ ሲጠቀልሉ። እኔም በ9 ዓመቴ የጀመርኩት እንደዚያ ነው። የተደበደቡ አሉ። ይኼ የሙያው ነውር ነው፤ ለማንም አናሳብብም። በኛ ሼድ ዛሬ ልጅ አይሠራም፤ ተስማምተን ከልክለነዋል። ሆኖም የሸማ ዋጋ ሲወርድ መጀመሪያ የሚቀነሰው የረዳቱ ክፍያ እንደሆነ፣ ያንን ክፍያ የሚቀበል አዋቂ ሰው ሲጠፋ ደግሞ ልጅ እንደሚፈለግ አይተናል። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸነፈ ስትሉ ይኼም ውስጡ አለ።

የታተመ ልብስ ይጥፋ አንልም። ለአራት ልጆች ለጥምቀት የምታለብስ እናት የእጅ ሥራ ግዢ ብንላት ከየት ታመጣዋለች? የምንለው ለሁለቱም ስማቸው ይነገር ነው። ዛሬ ገበያው ውስጥ የታተመውም የእጅ ሥራ ተብሎ ይሸጣል። ገዢው ይታለላል፤ የኛም ዋጋ በዚያ ይወርዳል።

ይኼ ደግሞ የማይቻል ነገር አይደለም። ስኮትላንድ ውስጥ ሃሪስ ትዊድ የሚባል የሱፍ ጨርቅ አለ። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለው። በምዕራብ በኩል ባሉት የሄብሪዲስ ደሴቶች ነዋሪዎች፣ በየቤታቸው፣ በእጅ ካልተሸመነ በዚያ ስም አይጠራም። ተመርምሮ ማኅተም ይመታበታል። ሸማኔዎቹ እንደኛው ሸማኔዎች ናቸው። እኛም ሀገር በቡና ተሞክሯል። መንግሥት የይርጋ ጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ስም የንግድ ምልክት ለማድረግ ተሟግቶ ስታርባክስ ከሚባለው የአሜሪካ ቡና ሻጭ ኩባንያ ጋር በ1999 ዓ.ም. ተስማምቷል። በሀገራችን በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ለኢንዱስትሪ ንድፍ፣ ማለትም ለዕቃ መልክና ጌጥ፣ ጥበቃ ይሰጣል፤ ግን አዲስ ለሆነ ንድፍ ነው። አያቶቻችን ያወጡት ጥለት አዲስ አይደለም። ስለዚህ እኛ ያንን በር ማንኳኳት አንችልም። ለዚህ ነው ቢያንስ «በእጅ የተሸመነ» የሚል ማኅተም የምንጠይቀው።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይኼ ነው።

በሩ ላይ ያለው ማስታወቂያ ይነሳልን። ገቢያችን የሚለካ ከሆነ የዓመቱ ተደምሮ ይለካ፤ ቢያንስ የጥምቀትና የፋሲካ ሰሞን ይግባበት። መዝገባችንን ለማሳየት ፈቃደኞች ነን። መዝገብ የማይዙትን እኛ እናስይዛቸዋለን።

ከአሁን በኋላ ጽሕፈት ቤቱ የባህል ልብስ ሲገዛ መግለጫው ላይ «በእጅ የተሸመነ» የሚለው ይጻፍ። ለኛ ስጡን አላልንም። ከማንም ሸማኔ ጋር እንወዳደራለን። ከማተሚያ ማሽን ጋር በዋጋ አታወዳድሩን።

ሸማኔ ለበዓል ወይም ለባዛር ሲጠራ፣ ዕቃ ነቅሎ የሚተክልባቸው ቀናት ተቆጥረው የቀን አበል ይከፈለው። ባለፈው ኅዳር ለተቀመጡት ሁለት ሰዎችም ይከፈላቸው። ይህችን ለብቻዋ አስምረን ነው የምንጠይቃችሁ፤ ምክንያቱም አዛውንቱ ራሳቸው አይጠይቁም።

ክር በጋራ ከአስመጪ ወይም ከፋብሪካ መግዛት እንድንችል የዋስትና ደብዳቤ ጻፉልን። ብር አልጠየቅንም። ደብዳቤ ነው። በዱቤ ከመኖር የሚያወጣን እሱ ነው።

የማኅተሙ ጉዳይ ከእናንተ ሥልጣን በላይ ሊሆን ይችላል። ከሆነ ጥያቄያችንን ለሚመለከተው አካል በደብዳቤ አስተላልፉና ቁጥሩን ስጡን፤ እኛ እየተከታተልን እንጨርሰዋለን። ጣሪያው ግን በእናንተ ሥልጣን ውስጥ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ይጠገንልን።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ማስታወቂያውን በለጠፋችሁበት በር ላይ ብትለጥፉት ሁላችንም እናነበዋለን። ሰው ልካችሁ መነጋገር ከፈለጋችሁ ሼዱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ከረቡዕና ከቅዳሜ በቀር እስከ ማታ 12 ሰዓት እዚያው ነን። ረቡዕና ቅዳሜ ገበያ እንወጣለን።

ከአክብሮት ጋር

በሽሮ ሜዳ አካባቢ የአንድ ሼድ ሸማኔዎች ተወካይ፣
ሸማኔ የሸማኔ ልጅ

ግልባጭ፦
የሐበሻ ልብስ ለሚገዙ ሁሉ